ባዶውን የሚመለሰው አውሮፕላን

አገር ቤት ለአባቴ አርባ ልድረስ ብዬ፣ ሐምራ ሰፈር ወዳለው የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ሄድኩ። ሻጯ፣ «መደበኛው በረራ እስከ ወር መጨረሻ ሞልቷል» አለችኝ። «እኛን የቤት ሠራተኞችን ከአገር ቤት ለሥራ ጭኖ የሚመጣው ልዩ በረራስ? ሲመለስ ባዶውን አይደል?» አልኳት።

«ባዶውን ነው፣ ሐቢብቲ። ግን መንግሥት የፈቀደለት፣ ሰው እንዲያመጣ ብቻ ነው፤ ጭኖ እንዲመለስ አይደለም። ያኒ፣ ጭኖ ከተመለሰ የመደበኛውን በረራ ገበያ ይሻማል። ሁለቱ መንግሥታት፣ የእናንተም የእኛም፣ ተስማምተውበታል።»

«ማዳሜ ፓስፖርቴን የቀማችኝ ጊዜ ለሁለቱም አቤት ብዬ ነበር። አንዱ ወደ ሌላው ሲመራኝ ከረመ። ለዚህ ለዚህ ነው የሚስማሙት?» አልኳት።

«ኸላስ፣ በቃ» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

የአርባው ዕለት፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለው ኦዛይ ሰፈር፣ የምሠራበት ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ያ አውሮፕላን ባዶውን ሲመለስ ዝቅ ብሎ በላዬ አለፈ። እጄ ላይ የነበረውን እርጥብ አንሶላ ወረወርኩበት።