ጨው ያልነካው ቀይ ወርቅ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ብዙዎቻችሁ «እትዬ ብልቃጥ» እያላችሁ የምትጠሯቸው እናታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና «ጠርሙስ በጨው ካልታሸ ታጠበ አይባልም» ከሚሉት ንጽሕና ወዳድ እናታቸው ለቤቱ አምስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን አቋርጠው፣ ኋላም ከመስታወት ገጣሚው ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው በሞት ሲለዩዋቸው ልጆቻቸውን ለማሳደግ በአንድ ቤተ ሙከራ በዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ።

በዚያ ቤተ ሙከራ አንድ ወጣት ተመራማሪ ወርቅን እጅግ እያደቀቀ ያጠና ነበር። ወርቅ ሲባል ሁላችንም ቢጫ ይታየናል፤ ነገር ግን አምስት ሺህ ያህል ቅንጣቱ ጎን ለጎን ተሰልፎ የአንዲት ጸጉር ስፋት ብቻ እስኪሞላ ድረስ ሲደቅ፣ ከብርሃን ጋር ያለው ነገር ይለወጥና በውሃ ውስጥ እንደ ሮማን ጭማቂ ይቀላል። ቁስ በዚህን ያህል ሲያንስ ጠባዩን መለወጡን ለሥራ የሚያውለው ዕውቀት ናኖቴክኖሎጂ ይባላል።

እናታችን አንድ ቀን ከሚያጥቧቸው ጠርሙሶች በአንዱ አንገት ላይ እድፍ ቢያዩ፣ እናታቸው እንዳስተማሯቸው በጨው አሽተው በችኮላ አለቀለቁት። ተመራማሪው የሦስት ወር ልፋቱን፣ ያንን የወርቅ ውሃ፣ ቢገለብጥበት፣ ቀዩ ፈሳሽ ዓይናቸው እያየ ሰማያዊ ሆነ። ኃላፊው ጠርሙሱን ጨው እንደነካው ሲረዱ፣ ጥፋቱ የወጣቱ ግዴለሽነት ነው ብለው ከሥራ እንዲሰናበት ወሰኑ፤ አጣቢዋን የጠረጠረ አልነበረም። እሳቸው ግን፣ ሁለት ልጆች የእጃቸውን እየጠበቁ፣ በማግስቱ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ቢሮ ገብተው፣ «ጌታዬ፣ ጨው ያስነካሁት እኔ ነኝ። በዚህ ልጅ ዕንባ ልጆቼን አላሳድግም» አሉ።

ኃላፊው ግን፣ «እርስዎን ካባረርኩማ ነገ ማን እውነቱን ይነግረኛል?» በማለት ሁለቱንም በሥራቸው አጸኗቸው።

ተመራማሪውም በርጩማ ስቦ አስቀመጣቸውና፣ የወርቁ ቅንጣቶች ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እንደ ተኳረፈ ቤተሰብ እንደሚገፋፉ፣ ጨው ሲገባ ግን ግፊያው ደክሞ ስለሚጠጋጉ ቀለማቸው ሰማያዊ እንደሚሆን አስረዳቸው። «ታዲያ ጨው አስታራቂ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ያችን ታሪክ ያልነገሩት ሰው የለም፤ እሱ በስጦታ የሰጣቸውን፣ አፉ የታሸገ ቀይ ብልቃጥ መስኮት ላይ አቁመው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ናኖ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ሲደክም ሐኪሙ ጨው ቢከለክላቸው፣ «እኔና ጨው የቆየ ጠብ አለን» አሉት። በመጨረሻዎቹ ቀናት ልጆቻቸው አልጋው አጠገብ ሲያለቅሱ፣ «ከብልቃጡ ራቅ በሉ፤ ዕንባም ጨው አለው» እያሉ ያስቋቸው ነበር። በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ የሁለቱንም ልጆቻቸውን እጅ እንደያዙ አረፉ።

ነርሷና ልብስ ሰፊዋ ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና ዛሬ ጸጉሩ ሸብቶ ከመካከላችን የቆመው ያ ወጣት ተመራማሪ ከኋላቸው ቀርተዋል። ብልቃጡም እንዳዘዙን ከዕንባችን ርቆ ተቀምጧል፤ እስከ አሁን ቀይ ነው። እኛ ግን ጨዉ እንዳስተማራቸው፣ በዕንባችን ተጠጋግተን ቆመናል። ቅንጣት እንኳ የማይጠፋበት ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ ያዘኑትንም ያጽናናልን።