ሰማይ የሚያየው ዘንዶ

በ1977 ዓ.ም. በነገሌ ዝናብ ጠፋ። ከብት አለቀ፤ ቀብር በዛ። እኔ ያኔ የእንስሳት ክሊኒክ ዘበኛ ነበርኩ።

ጎረቤቴ ሶራ ከብቱ ካለቀ በኋላ የሚኖረው በዘንዶዎቹ ነበር። ሰባቱን በየሽቦ ቤታቸው ለመንገደኛ እያሳየ ሳንቲም ይቀበላል። በአንድ ወር ሦስቱ ሞቱበት።

አንድ ጠዋት ከአሬሮ በቅርቡ ከመጣችው የእንስሳት ጤና ረዳታችን ከጉያቱ ጋር በደጁ ስናልፍ፣ አንዱን ዘንዶ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ አየችው።

“ናጋ፣ አቦ ሶራ” ብላ እንደ አባት ሰላም አለችው። “ይኼ ምን ሆኖ ነው?”

“ናጋ፣ ልጄ። ዝናብ እየለመነ ነው። ሌሎቹም እንዲማሩ ከእያንዳንዱ ጋር አሳድሬዋለሁ።”

“ከሞቱትም ጋር?”

ሶራ ወደ ሦስቱ ባዶ ቤቶች ዞሮ አየ።

“እስቲ በጀርባው ያስተኙት።”

አስተኛው። ዘንዶው ተጣመዘ፤ መገልበጥ ግን አቃተው። ሌላውን ሲያስተኛ ወዲያው ተገለበጠ።

“ይኼ ልመና አይደለም፤ አንጎሉ ታሟል” አለች። “ቫይረስ ይመስለኛል። በዓይን አይታይም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል።”

“የእባብ ሐኪም! ነገ ለእንሽላሊት መነጽር ታዢያለሽ።”

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

“በማየት ብቻ አይረጋገጥም። ቫይረሱ ጉበት ላይም ምልክት ይተዋል፤ ጉበቱ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ተነክሮ አዲስ አበባ ይሂድና በማይክሮስኮፕ ይታይ። የሞቱት በስብሰዋል፤ ይኼ መገደል አለበት።”

“አሥራ አንድ ዓመት ያበላሁት?”

“እሱ አይድንም። ሦስቱ ግን ከተለዩ ሊተርፉ ይችላሉ።”

“ተሳስተሽ ከሆነስ?”

“ጥፋቱ የኔ ነው። ዘንዶውን ግን አልመልስልዎትም።”

አለመሸንገሏን ወደድኩላት።

“የማን ልጅ ነሽ?” አላት ሶራ።

“የአሬሮው ዲባ። አምና ሞተ።”

ሶራ መሬት ላይ ተቀመጠ። “ዱሮ በደረሰ ድርቅ አባትሽ የውሃ ጉድጓድ ወረፋውን ለኔ ከብቶች ለቀቀ። የሱ ጥጆች በጥም አለቁ። የጠየቅኸኝን አልከለክልህም አልሁት። ሃያ ዓመት ምንም አልጠየቀኝም።”

“እኔም በሱ ስም አልጠይቅም፣ አቦ።”

“አውቃለሁ” አለና ተነሥቶ የዘንዶውን ራስ በገዛ እጁ ያዘላት።

ገድላው ጉበቱን ከላከች በኋላ የቀሩትን ሦስቱን ለየብቻ አራራቅናቸው። ለእያንዳንዱ የራሱ የውሃ ሳህንና የራሱ መያዣ እንጨት ተሰጠ። ሶራ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይሻገር እጁን በሳሙና ይታጠብ ጀመር። ቤቶቹ በበረኪና ታጠቡ።

ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣ፤ ቫይረሱ የሚተወው ምልክት በጉበቱ ውስጥ ታይቷል። በዚያው ሳምንት ሶራ ጆንያ ተሸክሞ ክሊኒካችን ደጅ ቆመ። ጉያቱን ጠራት።

“ከሦስቱ አንዱ ሰማይ ማየት ጀመረ። በጀርባው አስተኝቼ አየሁት፤ አልተገለበጠም። ሁለቱ ደህና ናቸው።”

“አዝናለሁ፣ አቦ።”

ዘንዶው ያለበትን ጆንያ በቀስታ አስቀመጠ።

“የፊተኛውን የሰጠሁት ለዲባ ስል ነው። የወረፋውን ዕዳ ከፍያለሁ። ይኼን ያመጣሁት ግን ስለገባኝ ነው።”