የፓምፑ ቡሎንና የሙዙ ሚዛን

ቻይና ምሕንድስና ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። ያን ቀንም ከአርባ ምንጭ ወጥቼ በላንቴ ቀበሌ ሙዝ ማሳዎች መሀል ያለ ዓላማ ስዘዋወር ብረት "ቀጭ!" ብሎ ሲበጠስ ሰማሁ።

ድምፁን ተከትዬ ብሄድ፣ ጡረታ የወጡት መካኒክ ጋሽ ክንፉ የመስኖ ፓምፕ ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። ጉልበት እንዲጨምርላቸው መፍቻቸው ላይ ረጅም የብረት ቱቦ ሰክተዋል። የፓምፑ ባለቤት እትዬ ልክነሽ ከጎናቸው ቆመዋል። የውሃ ተራቸው ዛሬ ነው፤ ዛሬ ካልጠጣ፣ ዘለላው ከብዶት በእንጨት የተደገፈው ሙዝ በዚህ ሙቀት መድረቁ ነው።

"የሰበሩት ቡሎን ይሄ ሁለተኛው ነው! እርስዎ መካኒኬ ነዎት ወይስ ጠላቴ?" አሉ እትዬ ልክነሽ።

"ጠላትሽ የዛሬ ዕቃ ነው። ቡሎን እስኪጮህ ካልጠበቀ ውሃ ያፈሳል፤ ዕድሜ ልኬን ያሰርኩት እንዲህ ነው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ" አልኩ። "ቡሎን ሲጠብቅ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ አጥብቆ የሚይዘውም ስለተለጠጠ ነው። ልኩን ካለፈ ግን ተስቦ ይቀራል፣ ከዚያ ይበጠሳል።"

"ልኩን ማን ነገረህ ኢንጂነር? መጽሐፍህ?"

የቡሎኑ ራስ ላይ የታተመውን ቁጥር አይቼ ስልኬ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር አመሳከርኩ። በዚህ መፍቻ ርዝመት አሥራ ስድስት ኪሎ ይሳብ ይላል። ግን ተጠራጠርኩ፤ ቁጥሩን ማንም ሊያትመው ይችላል።

"ለመጽሐፉም አልምልም። ቡሎኑን ራሱን እንሞክረው። እትዬ፣ የሙዝ ሚዛንዎን ያውሱኝ።"

"ሆን ብላችሁ ልትሰብሩ? የቀሩኝ ስድስት ናቸው፣ የፓምፑ ክዳን አራት ይፈልጋል!"

"እንግዲያው ሁለት ይበቃናል።"

አንዱን ዘይት ቀብተን ቁራጭ ብረት ላይ በዳዶ አሰርነው። ቱቦውን ነቅዬ የሚዛኑን መንጠቆ መፍቻው ጫፍ ላይ አስገብቼ ቀስ ብዬ ሳብኩ። መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ላይ ቆመ። መፍቻው ግን መዞሩን አላቆመም።

"እየዞረ ለምን አይከብድም?" አሉ ጋሽ ክንፉ ጠጋ ብለው።

"ቡሎኑ ተሸነፈ ጋሼ። ከዚህ ወዲያ እየተሳበ መቅጠን ብቻ ነው።"

ሁለተኛውም አሥራ ሁለት ላይ ተሸነፈ።

"ታዲያ በመጽሐፍህ አሥራ ስድስት ብትስበው አንተም እንደኔ ትሰብረው ነበር!" ብለው ከልባቸው ሳቁ።

"እሰብረው ነበር። ስለዚህ ስምንት ላይ እንቁም፤ የቀረው አቅም ለፓምፑ መንቀጥቀጥ ይሁን።"

"ቢያፈስስ?"

"ከክዳኑ ሥር ያለው ጎማ አርጅቷል ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ ጉልበት አያድሰውም።"

"ዘይቱስ?"

"ስንሞክር ስለቀባን ስናስርም እንቀባለን። ደረቅ ቡሎን በዚሁ ኪሎ ቢሳብ ጉልበቱን ሰበቃ ይበላውና ይላላል።"

ጋሽ ክንፉ ሚዛኑን ተቀብለውኝ አራቱን ቡሎኖች ራሳቸው አሰሩ፤ በአንድ ዙር ሳይሆን ከአንዱ ወደ ትይዩው እያፈራረቁ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ፓምፑ ሲነሳ ሦስታችንም ክዳኑ ላይ አፈጠጥን። ጠብታ አልወጣም። ውሃው ቦዩን ይዞ ወደ ሙዙ ሄደ።

ጋሽ ክንፉ ክዳኑን በመዳፋቸው ዳሰሱ። "ክንዴ ሲደክመው ያላላል፣ ሲናደድ ይሰብራል። ሚዛኑ ግን አይናደድም።"

እውነታቸውን ነው። ለክቶ ያሰረ ሰው ነገ ሲፈታ ቡሎኑን ደህና ያገኘዋል፤ ክዳኑ አይሰነጠቅበትም፤ በሌለበት ቀንም ሌላ ሰው በዚያው ልክ ሊያስርለት ይችላል።

ጋሽ ክንፉ ረጅሙን ቱቦ አንስተው ለእትዬ ልክነሽ ሰጧቸው።

"ያ ዘለላ እንጨቱን ሊሰብረው ነው። በዚህ ደግፊው።"