ሁለት ረዳት በአንድ ሚኒባስ

ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ «ረዳት! ወራጅ አለ!» ብሎ ሲጮህ፣ ከፊቴ መስኮቱ ጋ የነበረች ልጅ ከእንቅልፏ ብንን ብላ «አቤት!» አለች። የመኪናው ረዳት ሳቀ። አጠገቧ የተቀመጡት እናት ግን ወሬ ጀመሩ።

«ምነው ልጄ፣ አንቺን የጠራሽ መሰለሽ?»

«ይቅርታ እናቴ። የነርስ ረዳት ነኝ፤ ሆስፒታል ቀኑን ሙሉ ረዳት ስባል ነው የምውለው።»

«እንዲሁ ረዳት እንደተባልሽ ልትቀሪ ነው?»

«ኧረ አልቀርም! ነርስነት ልማር ተመዝግቤያለሁ። ስጨርስ ሲስተር እባላለሁ።»

«ከሲስተር ወዲያስ?»

«አዋላጅ እሆናለሁ። አንሶላ ሳነጥፍ ሁሌ ይታየኛል። የማዋለጃ ክፍሉን ደጅ ጉም ሞልቶታል፤ ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልዬ ብቅ ስል አባትየው ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ‹ሲስተር፣ ምን ወለደች?› ይለኛል።»

«ምን ትይዋለሽ?»

«ሐሳቤ እዚያ ላይ ሲደርስ ‹ረዳት!› ብለው ከወዲያ ይጠሩኛል። ሳልመልስለት እሮጣለሁ።»

«ሁለተኛ እንዳትሮጪ! መጀመሪያ ለሰውዬው ንገሪው።»

«የጠራኝ በሽተኛ ቢሆንስ እናቴ?»



«እሱስ ልክ ነሽ። አብሽሪ፣ አባትየው ይጠብቅሻል። እስከዚያው እኔ ልጥራሽ። ሲስተር!»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ቀስ ብላ «አቤት» አለች።

መውረጃዬ ሲደርስ «ረዳት» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።