የመከሩ ዳቦና የቀድሞው ሚኒስትር አወዳደቅ

የምስክር ስም፦ ቪየስዋቫ ኩርፒየል
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ
አድራሻ፦ ስታራ ግሮብላ መንደር፣ ፖላንድ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2019

ተጠርጣሪው ሌሼክ ባናሽ ጎረቤቴና የመንደራችን በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ አዛዥ ነው፤ ዝምድና የለንም። ሰው ደብድቧል ተብሎ ከተፈረደበት አዛዥነቱን ስለሚያጣ፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ።

የግል ተበዳይ ነኝ የሚለውን ሲልቬስተር ክሩፓንም አሳምሬ አውቀዋለሁ። የከብት ሐኪም ሳለ ጥሩ ሰው ነበር ይሉታል፤ እኔ አላየሁም። በገበሬዎቹ ፓርቲ ተመርጦ ምክር ቤት ገባ፣ ወንበሩ ሳይሞቅ ወደ ነጋዴዎቹ ዞረ። እነሱም ሚኒስትር አደረጉት፤ ባቡር አመጣላችኋለሁ ብሎ የነበረንንም አውቶቡስ አስቀረብን። አሁን ደግሞ መቁጠሪያ ይዞ በሃይማኖተኞቹ በኩል ይወዳደራል። ከሥልጣን ከወረደ ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም “ክቡር ሚኒስትር” ካላሉት አንገቱን አያዞርም።

እሑድ ሴፕቴምበር 1 ቀን ከቅዳሴ በኋላ በመከር በዓላችን ላይ፣ ከአዲሱ ስንዴ የጋገርነውን ዳቦ ለክብር እንግዳው ለክሩፓ እኔው በእጄ አስረከብኩት። ደንቡ ዳቦውን ስሞ፣ ቆርሶ ለሕዝቡ ማደል ነው። እሱ ግን ለካሜራ አንከርፍፎ ሲያሳይ አምልጦት ጭቃ ላይ ጣለው። “ክቡር ሚኒስትር፣ ኧረ ዳቦው!” አልኩት። “ተይው እባክሽ፣ ሌላ አምጪ” ብሎኝ ተራምዶት አለፈ። ሌላ ከየት ይመጣል? የበዓሉ ዳቦ አንድ ነው!

ሌሼክ ከኋላው ተንበርክኮ፣ እኛ ዘንድ ዳቦ ሲወድቅ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ አነሳና ሳመው። በዚሁ ጊዜ ካሜራ የያዘው ሰው “ትንሽ ወደ ኋላ” ሲለው ክሩፓ ሳያይ ወደ ኋላ ተራመደ፤ የሌሼክ ጀርባ አደናቅፎት በቂጡ ጭቃው ውስጥ ዘፍ አለ። ሌሼክ አልገፋውም፤ ሁለቱም እጆቹ ዳቦው ላይ ነበሩ። ከሕዝቡ መሀል አንዷ “ክቡር ሚኒስትር፣ ባቡሩ ገጨዎት እንዴ?” ስትል ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ።

ሌሼክ “ተጎዱ እንዴ ጌታዬ?” ብሎ እጁን ዘረጋለት። ክሩፓ እጁን ትቶ ወደ ካሜራው ዞረና “ተቀርጿል?” ሲል ጠየቀ። ሰውየውም “አይ፣ ገና እያስተካከልኩ ነበር” አለው። ክሩፓ “ገፍቶ ጣለኝ! ፖሊስ ጥሩልኝ!” ብሎ መጮህ የጀመረው ይህን ከሰማ በኋላ ነው።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው። ፍርድ ቤት ብጠራም ፊቱ ቆሜ እንደምደግመው በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ቪ. ኩርፒየል
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ፊርማ፦ ማ. ሶቦን