የጽዱ ዕድሜ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በወይንሜዳ ሚካኤል ቅጥር ውስጥ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር፤ ቄሰ ገበዝ አስረስና የንስሐ ልጃቸው ትርንጎ፣ የደን ተመራማሪዋ፤ ምእመናኑ ከደጀ ሰላሙ ውጤቱን ይጠብቃሉ።

ቄሰ ገበዝ፦ አይሆንም ልጄ፣ እንደገና ቁጠሪ።

ትርንጎ፦ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ እኮ አባ። መቶ ሠላሳ አራት ነው።

ቄሰ ገበዝ፦ ሦስቴ መቁጠርሽ መልካም፤ በሥላሴ ስም ይሁንልሽ። አራተኛውን ደግሞ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ሞክሪ።

ትርንጎ፦ ከዚያ በዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት፣ ከዚያ በመቶ ሃምሳው ዳዊት! አባ፣ ሕዝቡ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀን ነው።

ቄሰ ገበዝ፦ ይጠብቃ! ሰባት መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ ሕዝብ አንድ ሰዓት ቢያስቆም ምናለበት?

ትርንጎ፦ ሰባት መቶ አይደለም ነው የምልዎት።

ቄሰ ገበዝ፦ ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።

ትርንጎ፦ ማን?

ቄሰ ገበዝ፦ ዛፉ ነዋ! ጻድቁ አባ ዘወንጌል መቋሚያቸውን ተክለው ሲጸልዩ አድረው፣ ሲነጋ ቅጠል አውጥቶ ያገኙትን ዛፍ ከአያቴ እኩያ አደረግሽው? ሰው ቢሆን በስም ማጥፋት ይከስሽ ነበር።

ትርንጎ፦ እኔ ምን ላድርግ? ይቺን ቀጭን እንጨት እስከ ልቡ ሰርስሬ አወጣኋት። ይኸው መስመሮቿ። አንድ መስመር አንድ ክረምት ነው፤ ከዚህ ውጪ የጨመርኩት ነገር የለም።

ቄሰ ገበዝ፦ መሰርሰሩም ራሱ ሲከነክነኝ ነው ያደረው። ማቱሳላ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ኖረ ሲባል ማን ሰርስሮ ቆጠረው?

ትርንጎ፦ ማቱሳላን ሰርስሩት ብሎ የፈቃድ ደብዳቤ የጻፈ ቄስ የለም። ለኔ ግን ማኅተም መትተው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት።

ቄሰ ገበዝ፦ ማኅተሙ ይሰበር!

ትርንጎ፦ ደግሞስ ያን ግዝት ምን አስገዘተዎት?

ቄሰ ገበዝ፦ ጓንጉል ነዋ! የሰበካ ሊቀመንበር አደረግነው፣ የሞተር መጋዝ ገዝቶ መጣ። «ጽዱን እንጣለውና ለምንሠራው አዳራሽ ወራጅና በር ይሁን» አለ። «የጻድቅ ተክል ነው» ስለው፣ «ማስረጃ አለዎት?» አለኝ። ማስረጃ! እኔን! ያውም በዐውደ ምሕረት! ደሜ ፈላ። «የተማረች ልጅ አለችን፣ ትለካው። ጻድቁ የተከሉት ከሆነ ይቆማል፣ ካልሆነ ይቆረጣል። ሳይንሱ ያለውን ያልተቀበለ ግዝት ይሁን!» አልኩ።

ትርንጎ፦ ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ቄሰ ገበዝ፦ ሰባት መቶ እንደሚወጣ እኮ እርግጠኛ ነበርኩ!

ትርንጎ፦ ታዲያ ግዝቱን አይፈቱትም?

ቄሰ ገበዝ፦ ራሴንም ጨምሬ ነው ያሰርኩት። እንዲፈቱልኝ ጳጳሱ ዘንድ ልሂድ? «ምን ብለህ ገዘትህ?» ሲሉኝ፣ «ዛፍ ዕድሜው ይሞላልኛል ብዬ» ልበላቸው?

ትርንጎ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣

ቄሰ ገበዝ፦ ጨርሺውና ሰማንያ ስግደት ነው ንስሐሽ።

ትርንጎ፦ ተውኩት።

ቄሰ ገበዝ፦ እሺ፣ እንደ ሰው እንነጋገር። አንቺ መቶ ሠላሳ አራት አልሽ፣ እኔ ሰባት መቶ አልኩ። መሀል ላይ እንገናኝ። አራት መቶ።

ትርንጎ፦ አባ፣ የበግ ገበያ አደረጉት እኮ!

ቄሰ ገበዝ፦ ሦስት መቶ ሰማንያ። እሱም የንስሐ ልጄ ስለሆንሽ ነው።

ትርንጎ፦ ሁለት ዓመት ልጨምርልዎት እችላለሁ።

ቄሰ ገበዝ፦ እሰይ! ተነቃነቀች! ከየት አመጣሽው?

ትርንጎ፦ የሰረሰርኩት ከመሬት ከፍ ብዬ፣ ጉልበት ላይ ነው። ችግኙ ጉልበት እስኪደርስ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ መቶ ሠላሳ ስድስት ይሆናል።

ቄሰ ገበዝ፦ ለምን ጉልበት ላይ? መሰላል ላምጣልሽና ጫፉ ላይ ሰርስሪው! ስንት ይጨመር ነበር!

ትርንጎ፦ ወደ ጫፉ በወጣሁ ቁጥር መስመሩም እያነሰ ነው የሚሄደው።

ቄሰ ገበዝ፦ አይ! ይኼ ሳይንስ መውጫ ቀዳዳ የለውም እንዴ? ቆይ፣ ቆይ። ጾምስ?

ትርንጎ፦ የምን ጾም?

ቄሰ ገበዝ፦ የዛፉ! ዝናብ በጠፋበት ዓመት ምን ቀምሶ ያድጋል? ይጾማል። በጾመበት ዓመት ደግሞ መስመር አያወጣም። ሳይጻፍ የቀረ ጾም ስንት እንዳለው ማን ያውቃል?

ትርንጎ፦ የሚገርም ነው፣ እውነትዎን ነው። በክፉ ድርቅ መስመር የሚዘል ዛፍ አለ።

ቄሰ ገበዝ፦ አላልኩሽም! አምስት መቶ ስልሳ አራቱን ጾሞታል!

ትርንጎ፦ ለዚህ ብዬ ነው ከአራት ጎን ያወጣሁት። አንዱ ጎን የዘለለውን ሌላው ጎን ይዞት ይገኛል። አስተያይቼ ቆጥሬዋለሁ፣ የቀረ የለም።

ቄሰ ገበዝ፦ ጌታ ጾማችሁ በስውር ይሁን ብሏል። እናንተ የዛፍ ጾም እንኳ ታጋልጣላችሁ!

ትርንጎ፦ ይፍቱኝ አባ።

ቄሰ ገበዝ፦ በልጉስ? እ? በዚህ አገር እኮ የበልግ ዝናብም አለ። ክረምቱን ብቻ ቆጥረሽ በልጉን ዋጥ አደረግሽው!

ትርንጎ፦ በበልግም መስመር ያወጣል ነው የሚሉኝ?

ቄሰ ገበዝ፦ እንዴታ! በዓመት ሁለቴ ይዘንብለታል፣ ሁለቴ ያድጋል፣ ሁለት መስመር ያወጣል።

ትርንጎ፦ በዓመት ሁለት መስመር ካወጣ፣ መቶ ሠላሳ አራት መስመር የስንት ዓመት ነው?

ቄሰ ገበዝ፦ እጥፉ ነዋ! ሁለት መቶ ስልሳ... ቆይ እስቲ።

ትርንጎ፦ ይካፈላል አባ።

ቄሰ ገበዝ፦ ስልሳ ሰባት?

ትርንጎ፦ በአራት ዓመት ታናሽዎ ሆነ።

ቄሰ ገበዝ፦ በልግ የለም! እዚህ አገር በልግ ዘንቦ አያውቅም! ማነው በልግ ያለው?

ትርንጎ፦ የቆጡን አወርድ ብላ፣

ቄሰ ገበዝ፦ የብብቴን መልሺልኝ! መቶ ሠላሳ ስድስቴን መልሺ! ወይ ጣጣ! በይ እንጨቷን ስጪኝ፣ በመቁጠሪያዬ ራሴ እቆጥራታለሁ።

ትርንጎ፦ ይኸው። በቀስታ ይያዟት፣ ትሰበራለች።

ቄሰ ገበዝ፦ አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት...

ትርንጎ፦ አባ? ድምፅዎ ጠፋ። ስንት ደረሱ?

ቄሰ ገበዝ፦ እጄ ለምዶበት ጸሎት ውስጥ ገባ። አርባ አንድ ኪራላይሶን አድርሻለሁ።

ትርንጎ፦ የቀረው ዘጠና ሦስቱስ?

ቄሰ ገበዝ፦ ለሠርክ ይደርሳል።

ትርንጎ፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰባት መቶ የሚለውን ከማን ነው የሰሙት?

ቄሰ ገበዝ፦ ከመምህሬ፣ ከመሪጌታ ልሳኑ። ነፍሳቸውን ይማር።

ትርንጎ፦ ሰባት መቶ አሉ?

ቄሰ ገበዝ፦ እሳቸውማ ያሉት አራት መቶ ነው።

ትርንጎ፦ መቼ?

ቄሰ ገበዝ፦ ዲያቆን ሳለሁ። ሃምሳ ምናምን ዓመት ይሆነዋል።

ትርንጎ፦ በሃምሳ ዓመት ሦስት መቶ ዓመት አደገ?

ቄሰ ገበዝ፦ ቦታው ለም ነው።

ትርንጎ፦ አባ!

ቄሰ ገበዝ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? መጥረቢያ የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እጨምርለት ነበር። ከሰል አክሳዮች ሲመጡ መቶ ጨመርኩ፣ ደንግጠው ሄዱ። ለድልድይ ግንድ የፈለጉት ሲመጡ መቶ ጨመርኩ፣ ተሳልመውት ተመለሱ። ለአጥር ማገር ብለው የመጡት ደግሞ ደረቅ ነበሩ፤ መቶ ጨምሬም አልበቃ ብሎ አለቀስኩላቸው።

ትርንጎ፦ እንዲህ ከሆነማ ለጋሽ ጓንጉል ሺህ ሊሞላ ነው!

ቄሰ ገበዝ፦ ሳቂ አንቺ። ይኼ ሁሉ ጋራ ራቁቱን ሲቀር ይቺ አንዲት ጥግ በምን የተረፈች ይመስልሻል? የግንብ አጥር የለኝም፣ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ የለኝም። ያለኝ አንድ ጻድቅ ነው። እሳቸውንም ዛሬ በገዛ አፌ አሳልፌ ሰጠሁ። እንቅልፍ የለኝም ልጄ፣ እውነቴን ነው። ዛፉ ሲወድቅ ከማየት ዓይኔ ቢጠፋ ይሻለኛል።

ትርንጎ፦ እኔስ እንዲቆረጥ የምፈልግ ይመስልዎታል? ልጅ ሆኜ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ከዚህ ሥር እየተኛሁ አይደል ያደግኩት? ጥላው ከሄደ ከሥር ያለው ምንጭ ይደርቃል ብዬ ለጋሽ ጓንጉል ነገርኳቸው። «ቧንቧ እናስገባለን» አሉኝ።

ቄሰ ገበዝ፦ ቧንቧው ውኃውን ከየት ሊያመጣው?

ትርንጎ፦ ከምንጩ ነው ያሉት።

ቄሰ ገበዝ፦ አይ ጓንጉል! በይ እንግዲህ፣ ሰባት መቶ ብለሽ ጻፊልኝ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን፤ ለጨመርሽው ለያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ስግደት እኔ እሰግድልሻለሁ።

ትርንጎ፦ አምስት መቶ ስልሳ አራት ስግደት? በዚያ ጉልበት?

ቄሰ ገበዝ፦ በየሳምንቱ ዐሥር ዐሥር እያልኩ።

ትርንጎ፦ አልችልም አባ። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ቢለካውስ? አንድ ውሸት ከተገኘብን እውነቱንም የሚያምነን አይኖርም፤ ምንጭ ይደርቃል ስል ማን ይሰማኛል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ያስተማሩኝ ራስዎ ነዎት።

ቄሰ ገበዝ፦ ያስተማርኩሽን ሁሉ ታስቢያለሽ እንዴ? አንዳንዱን እርሺው እንጂ!

ትርንጎ፦ ይቅር ይበሉኝ።

ቄሰ ገበዝ፦ ተይው፣ አንቺ ምን አደረግሽ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በይ መቶ ሠላሳ ስድስት ብለሽ ጻፊ። የበቀለበትንም ዓመት ጻፊ፣ ጓንጉል ያንንም መጠየቁ አይቀርም።

ትርንጎ፦ ቆይ፣ በስልኬ ላስላው።

ቄሰ ገበዝ፦ ምን ስልክ ያስፈልጋል! ዘንድሮ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት። መቶ ሠላሳ ስድስት ሲነሣለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ አንድ። አምስት ሺህ አምስት መቶ ጨምሪበት፣ ለአራት ክፈዪው፣ አንድ ይተርፋል። ዘመነ ማቴዎስ።

ትርንጎ፦ በአፍዎ? በዚህ ፍጥነት?

ቄሰ ገበዝ፦ ባሕረ ሐሳብ ነው። እናንተ ዛፍ ስትሰረስሩ እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ሰማንያ አንድ፣ ማቴዎስ... ትርንጎ!

ትርንጎ፦ አቤት?

ቄሰ ገበዝ፦ ሰማንያ አንድ እኮ ክፉ ቀን ነው።

ትርንጎ፦ ከብቱ ሁሉ ያለቀበት?

ቄሰ ገበዝ፦ ከብቱ አልቆ፣ ዝናቡ ጠፍቶ፣ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት።

ትርንጎ፦ ለዚህ ነዋ! የጽድ ቡቃያ ከብት ከረገጠው፣ ፍየል ከጋጠው አያድግም። በዚያ ዓመት ግን የሚረግጠው ኮቴ አልነበረም። ወፍ ፍሬውን ጥላው ነው የሚሆነው፣ ዝም ብሎ በቀለ።

ቄሰ ገበዝ፦ ወፏንስ ማን ላካት?

ትርንጎ፦ እሱን በመሰርሰሪያ አላገኘሁትም።

ቄሰ ገበዝ፦ መልስሽ ጥሩ ነው። እነዚህ፣ ከልቡ በኩል ያሉት ሰፋ ሰፋ ያሉት መስመሮችስ ምንድን ናቸው?

ትርንጎ፦ እኔም ያልገባኝ እሱ ነው። ሰፊ መስመር የጥጋብ ነው። በድርቅ ዘመን እንዲህ መወፈር አልነበረበትም። ሥሩ በጣም የሰባ አፈር አግኝቶ መሆን አለበት።

ቄሰ ገበዝ፦ ቤተ ልሔሙ በየት በኩል ነው?

ትርንጎ፦ ከኋላዎ። ምነው አባ? ምን ሆኑ?

ቄሰ ገበዝ፦ ፀሐይዋስ በየት ትጠልቃለች?

ትርንጎ፦ ከፊታችን፣ በዛፉ በኩል።

ቄሰ ገበዝ፦ ጫማሽን አውልቂ ልጄ።

ትርንጎ፦ ምንድን ነው አባ? አስፈሩኝ።

ቄሰ ገበዝ፦ አባቴ ከአባቱ ሰምቶ ይነግረኝ ነበር። በክፉ ቀን መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ጠፋና ሬሳውን ከቤተ ልሔሙ በስተ ምዕራብ በአንድ ጉድጓድ አኖሩት። ሣጥን የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ፍትሐት የለ። ኋላ የተረፈው ሰው ሲመለስ ቦታው ጠፋበት። አባቴ እስኪሞት ፈልጎታል። ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ እኮ ነው የት ይሆን የሚለው!

ትርንጎ፦ ማን ማን ነው ያለው እዚህ?

ቄሰ ገበዝ፦ የኔ ቅድመ አያት ከነልጆቿ። የናትሽ ወገን። በዚህ አጥቢያ ሰው ያልሰጠ ቤት የለም። ከጓንጉል ቤት ሦስት ወንድማማች ናቸው።

ትርንጎ፦ እኔኮ ልባቸውን ነው የሰረሰርኩት። አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው?

ቄሰ ገበዝ፦ መቶ ሠላሳ ስድስት በያቸው። አንዲት ቀን እንዳትጨምሪ።

ትርንጎ፦ አባ ዘወንጌልስ?

ቄሰ ገበዝ፦ እሳቸውን እኔ እታረቃቸዋለሁ። ሲዋሽባቸው የኖሩ አባት ናቸው፣ ለምደውኛል።

ትርንጎ፦ ግን እኮ «ጻድቁ ካልተከሉት ይቆረጣል» ተብሏል። ይስሙ፣ ጋሽ ጓንጉል መጋዙን አስነሥተዋል።

ቄሰ ገበዝ፦ ሰምቻለሁ። ሂጂ ጥሪው፣ መጋዙንም ይዞ ይምጣ፤ ብቻ ከማን ቅድመ አያት እንደሚጀምር እዚህ ቆሞ ለሕዝቡ ይንገር።