አልጋው ስር የነበሩት ላፕቶፖች

ከካሳራኒ ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ አጠገባቸው ያለውን ወጣት በአማርኛ ጠየቁት።

«ምን ትማራለህ፣ ልጄ?»

«ስለ ከዋክብት ነው፣ እማማ። በጣም ደብዛዛ የሆኑ ትንንሽ ጋላክሲዎች አሉ። ከብርሃናቸው ተነስተን ከዋክብቱ ውስጥ ምን ያህል ብረት እንዳለ እንለካለን። ብረቱ ካነሰ ኮከቡ ጥንታዊ ነው።»

«አባትህ እንዴት ይኮሩብሃል!»

«አርፏል። ኮምፒውተር ነው የምማረው ብዬው ነበር።»

«ለምን ዋሸሃቸው?»

«አይገባውም ብዬ።»

«ጨርቅ ሻጯ እኔ ከገባኝ እሳቸውን ያቅታቸው ነበር?»

«ለቀብሩ ሞያሌ ስሄድ አልጋው ስር ሦስት የተበላሹ ላፕቶፖች አገኘሁ። ልጄ ሲመጣ ይጠግንላችኋል ብሎ ከጎረቤት የሰበሰባቸው ናቸው።»

«ጠገንክላቸው?»

«አልችልበትም እኮ፣ እማማ።»

አማርኛ መስማቴ እንዳይታወቅብኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።